አዮዲን ዜኖን እስኪሆን

መሰለች ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ሰላም ልላት እጄን ብዘረጋ፣ «ጋሽ ቀናው፣ እባክህ ወዲያ በልልኝ» አለችኝ። እጄን ሰበሰብኩና ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ኅዳር አምስት ቀን ነበር። ቦርሳዋን ራሷ ተሸክማ ግቢውን አቋርጣ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ ሆና፣ «በል አሁን አውራኝ» አለች።

ግቢዬ አቃቂ ነው፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤቱን የተዉልኝ እሳቸው ናቸው። መሰለች ከእናቷ ከእማማ አሰፋች ጋር አንዱን ክፍል ተከራይታ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በልብስ ፋብሪካ ልብስ ሰፊ ናት፤ አርባን ተሻግራለች፤ አላገባችም። አንገቷ ላይ እብጠት የወጣ ጊዜ ለሰው ሁሉ «እንቅርት ነው» አለች። ካንሰር መሆኑን ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሲያወራ አላቋርጥም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ሐኪሞቹ እብጠቱን በቀዶ ጥገና አወጡት። የተረፈ ሥር ካለ እንዲቃጠል ደግሞ ጨረር ያለው አዮዲን በኪኒን መልክ ሰጧት።

«ነርሷ ኪኒኑን በወፍራም የብረት ዕቃ ቆልፋ አመጣችው» አለችኝ ከበሩ ኋላ። «አፌ ውስጥ ጣለችና ሮጠች። እውነቴን ነው፣ ሮጠች! እኔ ምን አውሬ ነኝ? ከዚያ ሦስት ቀን ብቻዬን ቆለፉብኝ።»

«አንቺን አይደለም የሸሸችው። አዮዲኑን ነው።»

«እና አሁን አንገቴ ውስጥ ሆኖ ምን ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ በማንም ፊት ብጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በፋብሪካ ቦይለር ጠብቄያለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ሬዲዮ ስለ ሳይንስ ካወራ አልነቃነቅም፤ ሳሪስ መንገድ ዳር ከተነጠፉ አሮጌ መጻሕፍት የገዛሁትን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ስለዚህ አስረዳኋት። ይህኛው አዮዲን እንደ ጨው ውስጡ አዮዲን አይደለም፤ በራሱ መቆየት አይችልም። በየቅጽበቱ ጥቂት ጥቂቱ ጨረር ይተፋና አዮዲንነቱን ይተዋል፤ ሌላ ንጥረ ነገር ይሆናል። ዜኖን ይባላል። በስምንት ቀን ግማሹ ይለወጣል፤ በሌላ ስምንት ቀን የቀረው ግማሽ ይጋመሳል።

«አንዱ ነገር ሌላ ነገር ሆኖ ይቀራል?»

«ሆኖ ይቀራል።»

«በቃና ዘገሊላ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች። እኔም መጽሐፉን መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «ዜኖኑስ አይገድልም?»

«ዜኖን ጋዝ ነው። ከማንም አይጣላ፣ ከማንም አይዋደድ። ወጥቶ ይሄዳል።»

«የታደለ» አለች።

ከዚያ አንድ ወረቀት በበሩ ሥር ገፋ አድርጋ አወጣችልኝ። በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። ብዙ ውሃ መጠጣት፤ ሎሚ መምጠጥ፤ ሽንት ቤት ለብቻ። ከግቢው ሁለት ሽንት ቤቶች አንዱን ያን ቀን ለእሷ ብቻ አደረግሁት። የመጨረሻው መስመር ላይ ዶክተሩ በብዕር ጨምሮበታል፦ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር መራቅ፣ ሰውን ተጠግቶ አለመንከባከብ፣ እስከ 22።

«እስከ ሃያ ሁለት ይላል» አልኳት።

«በአፉም ነግሮኝ ነበር። ለዚህ ኪኒን ብለው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የምውጠውን የሆርሞን መድኃኒት ወር ሙሉ አስቁመውኛል፤ ጭንቅላቴ ጥጥ ሆኖ የሰማሁት ነገር የለም። ስልክ ጽፈውልኛል፤ ደውዬ ልጠይቅ እንዴ?»

«ምን ያስጠይቃል? ተጽፏል እኮ። ዛሬ አምስት፤ ዐሥራ ሰባት ቀን ነው።» ደግሞም አሰላሁት። ኪኒኑን የዋጠችው ኅዳር ሁለት ነው። ኅዳር ሃያ ሁለት ሲደርስ ከመቶው ዐሥራ ስምንት ያህሉ ይቀራል። ሐኪም ከዚህ በላይ ቢቀር እሺ አይልም ብዬ አሰብኩ። ስሌቱ ገጠመልኝ፤ ስለገጠመልኝም ልቤ ሞላ።

«አንተ ካልክ» አለች መሰለች።

*

ጭንቀቷ ስለ ራሷ አልነበረም። እማማ አሰፋች ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው በድን ሆኗል፤ ከንግግርም ጥቂት ነው የቀራቸው። ከዚያ ወዲህ ከመሰለች እጅ በቀር ከማንም እጅ አይበሉም። ሌላ ሰው ከሆነ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። መሰለች ግን ፍትፍቱን አለስልሳ፣ አገጫቸውን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እማ፣ ዋጥ» ትላለች፤ ይውጣሉ። ጠዋት ወደ ፋብሪካ ሳትሄድና ማታ ስትመለስ በግድግዳው አልፎ የምሰማት ነገር ይኼ ነበር። እማ፣ ዋጥ።

ለሕክምናው ሲባል እናትየው ቱሉ ዲምቱ፣ የመሰለች ታናሽ እህት ልዕልት ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ልዕልት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር ሁለት ሦስት ቀን ቢያድር ነው። መሰለች ያሰበችው ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ ጥቂት ቀን ደግሞ ቤት እንደሆነ ነው። ሃያ ሁለትን ስነግራት ከበሩ ኋላ ቀኖቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር ሰማኋት።

የመጀመሪያው ሳምንት በደህና አለፈ። ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሙህሲን የሚያስፈልጋትን ያመጣል። የስልጤ ልጅ ነው፤ ሳይቀልድ ዕቃ አይሸጥም። የኪኒኑን ጨረር እንጂ ካንሰሩን አያውቅም። ከሕክምናው በፊት ሐኪሞቹ አዮዲን የሌለው ጨው ብቻ ብዪ ሲሏት ከመርካቶ የከብት ጨው ፈልጎ ያመጣላት እሱ ነው። አሁን ደግሞ ሎሚውንና ዳቦውን ግንቡ ላይ ያስቀምጥና ወደ ኋላ ሸሽቶ ይጣራል።

«መሴ! ዕቃሽ ግንብ ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ እስቲ ብቅ በይና ሰፈሩን አብሪልን!»

«አንተን መጀመሪያ ነው የማቃጥልህ!»

«ካቃጠልሽኝ ዱቤውን ማን ይጽፍልሻል?»

ትስቅ ነበር። እስከ ኅዳር ሚካኤል ትስቅ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን፣ ጭሱ ግቢውን ሞልቶት ሳለ ስልኳ ጮኸ። ልዕልት ናት። እስካሁን በልመና አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀምሱ የነበሩት እናታቸው እህል በአፋቸው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ጥርሳቸውን ገጥመዋል። መሰለች ለእህቷ የምትለው አጥታ፣ «አይዞሽ፣ ይርባታል፤ ሲርባት ትበላለች» ስትል ሰማኋት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ «ጋሽ ቀናው፣ አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«ዛሬ ስንት ቀረኝ?»

«ዐሥር ቀን።»

*

በዐሥራ አራት ልዕልት ራሷ መጣች። ከባጃጅ ወርዳ ሆዷን ደግፋ በግቢው በር ስትገባ መሰለች ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

«እዚያው ቁሚ ልዕልት! በእናትሽ እንዳትጠጊኝ!»

«በእናቴ ምክንያትማ ነው የመጣሁት። ልበሺ፣ እንሂድ።»

«አልችልም አልኩሽ እኮ በስልክ።»

«አራት ቀኗ ነው መሴ። በማንኪያ ከንፈሯን ነው የማረጥብላት። ነርስ አምጥቼ ግሉኮስ ብናስተክልላት በግራ እጇ ነቅላ ጣለችው። ከበሩ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ማንን እንደምትጠብቅ ልንገርሽ?» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «አንድ ጊዜ ብቻ። አጉርሰሻት ተመለሽ። እኔ ጎረቤት ቤት እቀመጣለሁ፣ አንቺ እስክትወጪ አልመለስም። ሆዴ አጠገብሽ አይደርስም።»

መሰለች እኔን አየችኝ። እህቷን አይደለም፣ እኔን።

በሁለቱ መካከል ቆሜ ነበር። አሰላሁ። ከዋጠችው ዐሥራ ሁለት ቀን፤ ከሦስት እጅ አንዱ ገና አለ ማለት ነው። የምታጎርስ ሰው ከምታጎርሰው ሁለት ሜትር አትርቅም። ወረቀቱም ሰውን ተጠግቶ መንከባከብን ይከለክላል። «ልዕልት ልጄ» አልኳት፣ «ክፋት አይደለም። ውስጧ ያለው አዮዲን ገና ወደ ዜኖን ተለውጦ አላለቀም። የያዘችው ትራስ፣ የነካችው ብርጭቆ አንቺ ቤት ነው የሚቀረው። ያ ልጅ እዚያ ቤት ነው የሚወለደው። ሐኪሙ እስከ ሃያ ሁለት ብሎ ጽፏል። ስምንት ቀን ታገሱ።»

«ስምንት ቀን? ጋሼ፣ ስምንት ቀን ያላት መስሎዎት ነው?»

«እግዚአብሔር ያቆያታል» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ስሙን ጠራሁበት።

መሰለች ከደጃፏ አንድ እርምጃ ወጣች። ሁለተኛውን ልታነሳ አየኋት። ከዚያ የልዕልትን ሆድ አየችና ተመለሰች፤ በሩን ዘጋችው።

«የእንቅርት ኪኒን!» ብላ ጮኸች ልዕልት በተዘጋው በር ላይ። «በእንቅርት ኪኒን እናቱን የሚከለከል ሰው አንቺ ላይ አየሁ! ይሄን ሁሉ ዓመት ጦርኩ ስትይ የኖርሽው ለካ ለአፍሽ ነው!» ባጃጁ አልሄደም ነበር፤ ተሳፍራ ሄደች።

በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ በግድግዳው ነው የሰማሁት፤ የቀረውን ልዕልት ኋላ ነገረችኝ። ልዕልት ንዴቷ ሲበርድላት ደውላ፣ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ ያዘችላቸው። በሌላው እጇ ፍትፍቱን ይዛለች። መሰለች ከዚህ ሆና፣ «እማ፣ እኔ ነኝ። እማ፣ ዋጥ» ትላለች። ድምፁን ሲሰሙ እናትየው አፋቸውን ይከፍታሉ። ግን የመጣው እጅ የሌላ ነው። ጣቱ አገጫቸውን ሲነካ ያውቁታል፤ ፍትፍቱን በምላሳቸው ገፍተው ያወጡታል። «ዋጥ እማ። ዋጥ የኔ እናት። ዋጥ።» ይህ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አልቆጠርኩም። ውዳሴ ማርያም ልደግም መጽሐፉን ዘርግቼ ነበር፤ አንድ ገጽ አላለፍኩም።

ኅዳር ዐሥራ ሰባት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እማማ አሰፋች ዐረፉ።

ቀብራቸው ላይ መሰለች ከሕዝቡ ርቃ፣ ከመቃብሩ አጥር ጥግ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ዛፉን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም ሊያነሳት አልሄደም፤ ራሷ እጇን ዘርግታ «አትምጡ» ትል ነበር። ከአጠገቤ የቆሙ ሴቶች፣ «ደግሞ ትጸየፈናለች» ተባባሉ። አንደኛዋ፣ «ድንኳንም አልገባችም፤ ልብ የላትም» አለች። ሰማሁ። ሚስጥሩ የእሷ ነው አልኩ በልቤ።

*

ኅዳር ሃያ፣ ለመሰለች የዕቃ ማጠቢያ ኦሞ ልገዛ ሙህሲን ሱቅ ገባሁ። ካርቶን ፊቱ ዘርግቶ የብስኩት እሽግ አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚያበቃበትን ቀን ያያል። ጊዜው ያለፈውን ወደ ግራ፣ ያላለፈውን ወደ ቀኝ።

«መሴ መቼ ነው የምትፈታው?» አለኝ።

«ከነገ ወዲያ፣ በሃያ ሁለት።» ወረቀቱ ከስሌቴ ጋር ታጥፎ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። የሰጠሁት እንዲያይልኝ ነው፤ ስሌቱን።

ሙህሲን ስሌቱን አላየም። ልማዱ ሆኖ ዓይኑ በቀጥታ ቁጥር ላይ ነው የሚያርፈው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማኅተሙን አየ፤ ከዚያ የመጨረሻውን መስመር አየ።

«ጋሼ፣ ይሄ በፈረንጅ ነው።»

«አዎ፣ እንግሊዝኛ ነው።»

«ቋንቋውን አይደለም፤ ቀኑን። ሆስፒታል በፈረንጅ ቀን ነው የሚጽፈው። ይኸው ማኅተሙ ውስጥ ዐሥራ አራት ይላል፣ የወጣችበት ቀን። የወጣችው በእኛ አምስት አይደል? የእኛ አምስት የእነሱ ዐሥራ አራት ነው።» ጣቶቹን አጠፈ። «ሃያ ሁለት ማለት...» አልጨረሰውም። እንደገና ቆጠረ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ሃያ ሁለት የእኛ ዐሥራ ሦስት ነው ጋሼ። ስምንት ቀን ነው ያሏት።»

ብስኩቱን ከእጁ አስቀመጠ። እኔ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ማኅተሙ ውስጥ ያለችውን ዐሥራ አራት አይቻት አላውቅም ነበር፤ ሰማያዊው ቀለም ደብዝዟል። ግን ነበረች።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ገና አንዴ ሲጠራ አንዲት ነርስ አነሳች። አዎ፣ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሦስት ነው አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደልቧ ናት። «ግን እኮ አዮዲኑ በስምንት ቀን ግማሹ ብቻ ነው የሚለወጠው» አልኳት። «እሱ ጠርሙስ ውስጥ ቢቀመጥ ነው አባቴ» አለች በትሕትና። «ሰው ውስጥ ሲሆን አብዛኛው በሁለት በሦስት ቀን በሽንት ይወጣል። ለዚህ እኮ ነው ብዙ ውሃ ጠጡ የምንለው።»

አዮዲን ዜኖን የሚሆንበትን ቀን ብቻ ነበር የቆጠርኩት። ሽንት ቤቱን ለይቼ ሰጥቻት፣ ለምን እንደሚለይ አልጠየቅሁም።

ሙህሲን ኦሞውን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝ። «ከእኔ አይወጣም» አለ። «አንተ ግን...» ራሱን ነቀነቀና ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ቅጽሩን ተሳልሜ ውጭ ቆሜ ቀረሁ፤ አልገባሁም። ስመለስ መሰለች ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች። እንደ ልማዴ ሁለት ሜትር ርቄ ቆምኩ። ከዚያ ርቀቱ ከንቱ መሆኑን አስቤ ተጠጋሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«ዐሥራ ሦስት?» አለች ስጨርስ።

«ዐሥራ ሦስት።»

«ልዕልት የመጣችው በዐሥራ አራት ነው።»

«አዎ።»

በእጇ ያለውን ቀሚስ ጨመቀችው፤ ውሃው አልቆ ምንም በማይወጣበት ጊዜም ትጨምቀዋለች። «ደውዬ ልጠይቅ እንዴ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

ተንበረከክሁ። ሽማግሌ ነኝ፤ ስንበረከክ ጉልበቴ ይንቋቋል። «ተነስ» አለችኝ። «ሰው ያያል።» ተነሳሁ። «ትናንት ለልዕልት ካንሰር መሆኑን ነገርኳት። አለቀሰች። ሐኪም ከከለከለሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ለሆዴ ብለሽ ነው፣ ይቅር በይኝ አለችኝ። ይቅር ተባባልን።» ቀሚሱን ገመድ ላይ ሰቀለችው። «እናት የለኝም። ይህን ከነገርካት እህትም አይኖረኝም። አትነግራትም።»

«ውሸት ይዤ እንዴት...»

«ለንስሐ አባትህ ንገር። ለፈጣሪ ንገር። ለእሷ ግን አትነግርም። እኔን አስታግሠህ አልነበር? አሁን ደግሞ አንተ ቻለው።»

*

የእማማ አሰፋች አርባ ልዕልት ቤት ወጣላቸው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ሰው በልቶ ሲያበቃ ልዕልት ሆዷን ይዛ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ዘመዶቼ» አለች፣ «እህቴን ስታሟት ሰምቻለሁ። ጋሽ ቀናው ይህን ነገር ያውቁታል። ጋሼ፣ እስቲ ያስረዱልኝ።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። መሰለች ሳህን ትሰበስብ ነበር፤ አልዞረችም። ተነሳሁና አስረዳሁ። ስለ ኪኒኑ፣ ስለ ጨረሩ፣ አዮዲኑ እየተለወጠ ዜኖን ስለሚሆንበት። በደንብ ነበር የተናገርኩት።

አንድ ሽማግሌ አጎታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ «ታዲያ ሰው ለመንካት በስንት ቀን ነው የሚፈቀደው?» አሉኝ።

መሰለች ሳህኑን ይዛ ቆመች።

«እንደ ሰውዬው ነው» አልኩ። «የእሷ ሃያ ቀን ነበር።»

«ምስኪን» አሉ። «እኛ ደግሞ ልብ የላትም እንላለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።» የቀብሩ ዕለት ያማችው ሴት መሰለችን አቅፋ አለቀሰች። ልዕልት መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ። «ያን ቀን እርስዎ ባይኖሩ ልጄን በገዛ እጄ እገድለው ነበር» አለችኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ምርቃት መስሏት «አሜን» አለች።

ከቱሉ ዲምቱ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ መሰለችና እኔ አንድ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቅን። አቃቂ ተቃረብን። መናኸሪያው ጋ የጭነት መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ሚኒባሱ ሲቆም፣ በመስኮቱ እያየች፣ «በደንብ አስረዳሃቸው» አለችኝ።

ሸሸት ልል ሞከርኩ፤ ቦታ አልነበረም።

«በጥር ክፍሉን እለቅልሃለሁ።»

«እሺ» አልኳት።